«ሸለምጥማጥ በላው» ልበላቸው?

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከቢሾፍቱ ነው። በጓሮዬ ዶሮ አረባለሁ፤ እንቁላሉን ለሰፈራችን ሱቆች አስረክባለሁ፤ የልጆቼ ደብተርና ጫማ የሚገዛው ከዚያ ነው። ይህን የምነግርዎት ዶሮ ለእኔ መዝናኛ እንዳልሆነ እንዲረዱልኝ ነው።

አማቴ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። ከፋሲካ በኋላ ዘመድ ጠይቀው ሲመለሱ አራት የዳክዬ እንቁላል በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጡ። ለእኔ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ፣ የዚያን ዕለት እንቁላል ባስታቀፍኳት ዶሮዬ ሥር ጨመሯቸው። ጫጩቶቹ በ21ኛው ቀን ተፈለፈሉ፤ ዶሮዋም ልጆቿን ይዛ ወጣች፤ የዳክዬው እንቁላል እዚያው ቀረ። እኔ ተገላገልኩ ስል እርሳቸው አራቱንም ሌላ ታቃፊ ዶሮ ሥር አዛወሯቸውና አንዱ ተፈለፈለ።

መከራዬን የሚያሳየኝ ያ አንዱ ነው። ማለዳ የሞላሁትን መጠጫ ፀሐይ ሳይሞቅ ጭቃ ያደርገዋል። መኖውን በአፉ ሞልቶ እየሮጠ ሄዶ ውኃው ውስጥ ያቦካዋል። ጉዝጓዙ ደርቆ አያውቅም፤ የዶሮ ቤቱ ይሸታል። መኖ በኩንታል ስንት እንደገባ ያውቃሉ፤ በገንዘቤ የገዛሁት ውኃ ላይ ሲንሳፈፍ ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም። እንግዳ ነው ብዬ አድልዎ አላደረግሁበትም፤ ከጫጩቶቹ ጋር፣ ከእነርሱው መኖ ነው የሚበላው። የፈለፈለችው ዶሮ ደግሞ ሳፋ ውስጥ በገባ ቁጥር ዙሪያውን እየዞረች ትጮኻለች፤ ሰፈሩ ይረበሻል።

ለአማቴ ብነግራቸው «ልጄ፣ እንስሳ ምን ያውቃል» ይሉኛል። ባለቤቴ በእናቱ ጉዳይ አይገባም። ጎረቤቶቼ ይስቁብኛል። ሥጋውን እንደሆነ በቤታችን አይበላም፤ እንቁላል ቢጥልም የሚገዛኝ የለም። ሰሞኑን ስንፍና ጨምሮበታል፤ ጫጩቶቹ ሲሯሯጡ እርሱ ቁጭ ብሎ ይበላል፤ ሲነሳም ትንሽ ያነክሳል፤ አማቴ ቅቤ ያሹታል። ውኃ ማቡካቱን ግን አልተወም።

የምጠይቅዎት ይህን ነው። ሐይቁ ዳር ያለ አንድ መዝናኛ ዳክዬዎች አሉት። አማቴ ለንግሥ ሲሄዱ ወስጄ ሐይቁ ላይ ብለቀው ከወገኖቹ ጋር ይቀላቀላል። ሲመለሱ «ሸለምጥማጥ በላው» ብላቸው ኃጢአት ይሆንብኛል?

የቸገራት ባለዶሮ፣ ከቢሾፍቱ

መልስ

እህቴ፤

ስለ ውኃው ይህን ያህል ጽፈሽ እግሩን በአንድ መስመር አለፍሽው። እኔ የምጀምረው ከእግሩ ነው። ሰነፈ ያልሽው ዳክዬ ታሟል።

ቁጭ ብሎ የሚበላና ሲነሳ የሚያነክስ የዳክዬ ጫጩት ብዙውን ጊዜ የጎደለው ኒያሲን የሚባለው የቢ ቫይታሚን ነው። የዳክዬ ጫጩት በአንድ ኪሎ መኖ ውስጥ 55 ሚሊ ግራም ያህል ያስፈልገዋል፤ እንቁላል ለመጣል ለሚያድግ የዶሮ ጫጩት የዚህ ግማሽ ይበቃል። ዶሮ ከምትበላው ፕሮቲን ውስጥ ኒያሲን በሰውነቷ ትሠራለች፤ ዳክዬ በዚህ በኩል ደካማ ነው። መኖው በቆሎ የበዛበት ከሆነ ደግሞ በበቆሎ ውስጥ ያለው ኒያሲን አብዛኛው የታሰረ ስለሆነ ተበልቶም አይጠቅመውም። አድልዎ አላደረግሁም ብለሽ የምትሰጪው ያው መኖ ነው እግሩን የያዘው።

ዛሬውኑ አንሥተሽ እይው። ወደ ኋላ የሚታጠፈውን መገጣጠሚያ በጣትሽ ዳብሺው፤ ካበጠ፣ ወይም እግሩ ወደ ውጭ ከጎበጠ፣ የምልሽ እርሱ ነው። መዳፉ ሥር ቁስል ካገኘሽ ግን ሌላ ነገር ነውና የእንስሳት ሐኪም ይየው። ከእንስሳት መድኃኒት ቤት በውኃ የሚሟሟ የቢ ቫይታሚን ግዢ፤ ኒያሲን ወይም ኒኮቲናሚድ የሚል ማሸጊያው ላይ መኖሩን አንብቢ፤ መጠኑን ባለሙያው ይንገርሽ። ከመኖው ጋር ተቀቅሎ የተዳመጠ አተር፣ ከተገኘም ጥቂት የተቀቀለ ጉበት ወይም ዓሣ ጨምሪለት። ቶሎ ከተደረሰበት በቀናት ውስጥ ይሻለዋል። ጅማቱ ከቦታው ከወጣ በኋላ ግን ማቃናት በጣም አስቸጋሪ ነው፤ ስለዚህ ለነገ አታሳድሪው። ቅቤው ይቅርበት፤ ጠጉሩን ከማጣበቅ በቀር አይረባውም። ሆኖም በዚያ ግቢ ውስጥ መታመሙን ያዩት አማትሽ ብቻ መሆናቸውን ልብ በይ።

ወደ ሐይቁ እንምጣ። በዳክዬ እናት ሥር ያደገ ጫጩት ከእርሷ ላባ ቅባት ስለሚደርሰው ውኃ ቶሎ አይዘልቀውም። ያንቺው ግን ያደገው በዶሮ ሥር ነው። የራሱ ቅባትና ላባ እስኪሟላ ሳምንታት ይቀሩታል። መዋኘቱን ይዋኛል፤ ነገር ግን ጠጉሩ ውኃ ይመጥጣል፣ ይበርደዋል፣ ይደክመዋል፣ ይሰጥማል። የቢሾፍቱ ሐይቆች አብዛኞቹ እሳተ ገሞራ የከፈታቸው ጉድጓዶች ስለሆኑ ከዳር ብዙም ሳይርቁ ይጠልቃሉ፤ የሚያነክስ ጫጩት እግሩን የሚያሳርፍበት ቦታ አያገኝም። ወገኖቹ ያልሻቸው ትልልቅ ዳክዬዎችም እንግዳ ጫጩት ሲመጣባቸው ማባረርና መንከስ ልማዳቸው ነው። «ከወገኖቹ ጋር ይቀላቀላል» ብለሽ ራስሽን አትሸንግዪ፤ የምትወስጂው እንዲሞት ነው። ስለዚህ አዎ፣ ኃጢአት ይሆንብሻል። በዚያ ላይ አማትን በልጃቸው ቤት፣ ከንግሥ ሲመለሱ፣ በውሸት ጠብቆ ማስለቀስ ለስንት ኩንታል መኖም አይደረግም።

ሳይነግሩሽ ዶሮሽ ሥር እንቁላል መጨመራቸው ልክ አልነበረም፤ ይህን ፊት ለፊት፣ በአክብሮት ንገሪያቸው። ዳክዬ 28 ቀን እንደሚታቀፍ የነገራቸው ሰው አልነበረም መሰለኝ። የዳክዬው እንቁላል ሰባት ቀን ቀድሞ ገብቶ የዶሮው በኋላ ቢጨመር ኖሮ ሁሉም በአንድ ሰሞን ይፈለፈሉ ነበር። ሦስቱ የቀሩት፣ ያንቺውም ብቻውን የሆነው በዚህ ነው።

የውኃው ጣጣ መላ አለው። ዳክዬ መኖን ያለ ውኃ መዋጥ ይቸግረዋል፤ ጉሮሮው ላይ ይቀርበታል። አፍንጫውንና ዓይኑንም በውኃ ካላጠበ ይደፈንበታል። ልታስተዪው ስትታገዪ የከረምሽው መብላትና መታጠብን ነው። መጠጫውን ከዶሮ ቤቱ አውጪው። ግቢው ዝቅ ያለበት ቦታ ላይ ጉድጓድ ቆፍሪ፣ ጠጠር ሙዪበት፣ በወንፊት ሽቦ ሸፍኚውና ሳፋውን ሽቦው ላይ አስቀምጪ፤ የፈሰሰው ወደ ታች ይሰርጋል። ሳፋው ጭንቅላቱን የሚያስነክር፣ ግን ቆሞ የሚወጣበት ይሁን፤ ውስጡ ድንጋይ አድርጊለት። መኖውን አጠገቡ ብቻ ስጪው፤ ማታ ሁለቱንም አንሺ። የዶሮዎቹን መጠጫ እርሱ በማይደርስበት ከፍታ ስቀዪ። እርጥቡን ጉዝጓዝ ግን ዛሬ ጥረጊው፤ ጫጩቶችን ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያስይዘው ኮክሲዲዮሲስ የሚራባው እርጥበት ላይ ነው። ስለ ዶሮ ቤቱ መናደድሽ እውነት አለው።

አሁን የማትወጂውን ልናገር። ሁለተኛ ዳክዬ ያስፈልግሻል። ዶሮዋ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ትተወዋለች፤ ጫጩቶቹ ቆጥ ላይ ሲወጡ እርሱ መሬት ይቀራል። ዳክዬ ብቻውን መኖር የሚችል እንስሳ አይደለም፤ ብቻውን ሲሆን ቀን ከሌት ይጮኻል፣ መብላትም ይቀንሳል። እኔ በዚህ አልደራደርም። ወደዚያ መዝናኛ ሂጂ፤ ነገር ግን ልትጥዪ ሳይሆን ልትጠይቂ። በእርሱ ዕድሜ ያለች ጫጩት ካላቸው ግዢ። ከሌላቸውም እግሩ ድኖ ላባው ሲሟላ ይቀበሉሽ እንደሆነ ተነጋገሪ፤ ያኔ አማትሽን ይዘሽ ሂጂ፣ የት እንደሚኖር በዓይናቸው ይዩ።

አዲስ ወፍ ከማስገባትሽ በፊት ዶሮዎችሽን የፈንግል ክትባት አስከትቢ። ዳክዬ ራሱ ሳይታመም የፈንግልን ቫይረስ ተሸክሞ ሊያመጣ ይችላል። ክትባቱን የሚያመርተው የመንግሥት ተቋም የሚገኘው እዚያው ቢሾፍቱ ነውና ሩቅ ነው አትበዪኝ። አዲስ የመጣችውንም ለሁለት ሳምንት ለብቻዋ አቆዪያት።

ሁለት ወር ሲሞላው ድምፁን አድምጪ። ጮክ ብሎ የሚንጫጫ ከሆነ ሴት ነች፤ የታፈነ፣ የሻከረ ድምፅ ካለው ወንድ ነው። ወንድ ከሆነ ሴቶቹን ዶሮዎች ሊሳረራቸው ይሞክራል፤ አካላቸው ለእርሱ አልተፈጠረምና ይጎዳቸዋል፣ ይገድላቸዋልም። ስለዚህ በአጥር ይለይ። አጥሩን ባለቤትሽ ይሥራ፤ በእናቱ ጉዳይ ካልገባ በአጥሩ ይግባ።