ስለ ፒኤስኤና ፕሮስቴት ምርመራ ጠይቁኝ

ሰላም ቤተሰብ። ሐኪም አይደለሁም፣ የላብራቶሪ ሰው ነኝ። ፒኤስኤ ማለት ፕሮስቴት (ከወንዶች ፊኛ ስር ያለው ዕጢ) የሚያመርተው፣ በደም ምርመራ የሚለካ ፕሮቲን ነው። ስትጠይቁ ዕድሜ፣ ቁጥሩንና የሚወሰደውን መድኃኒት ጻፉልኝ እሺ።

ሰሚራ፦ የአባቴ ፒኤስኤ 6.8 ሆነ፣ ካንሰር ነው?

መልስ፦ ከዚህ ብቻ አይታወቅም። ፒኤስኤን ጤነኛውም ፕሮስቴት ያመርተዋል፣ በዕድሜ ሲያድግም ኢንፌክሽን ሲይዘውም ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ሲገባም ይጨምራል፣ ከምርመራው በፊት ባሉት 2 ቀናት ግንኙነት ካለም እንደዛው። ኢንፌክሽን ካለ ታክሞ ከሳምንታት በኋላ ይደገም፣ እዛው ላብራቶሪ!! የተለያየ ማሽን ቁጥር አይወዳደርም።

ዓለሙ፦ የኔ 3.1 ነው፣ ከ4 በታች ስለሆነ ነፃ ነኝ አይደል?

መልስ፦ ዕድሜ? መድኃኒት? ጻፉ ብያለሁ እኮ።

ዓለሙ፦ ይቅርታ። 62፣ ለሽንት ፊናስተራይድ እወስዳለሁ፣ 2 ዓመት አልፎኛል።

መልስ፦ ይኸው እኔ ሁሌ የምጮህበት! ፊናስተራይድ ከ6 ወር እስከ ዓመት ሲወሰድ ፒኤስኤን በግማሽ ገደማ ያወርዳል፣ ስለዚህ የእርስዎ 3.1 እንደ 6 አካባቢ ነው የሚታየው። ማሽኑ ምን እንደሚውጡ አያውቅም፣ ኖርማል ብሎ ያትማል፣ ሰውም ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከትቶ ይሄዳል። መድኃኒቱን እየወሰዱ ከወረደበት ተመልሶ ከወጣ ደግሞ ቁጥሩ ትንሽ ነው ተብሎ አይታለፍም። የድሮ ወረቀቶችዎን ይፈልጉልኝ።

ኪሩቤል፦ እኔ ምርመራው ራሱ ይቅር ባይ ነኝ፣ ሰውን በከንቱ ለባዮፕሲ (በመርፌ ከፕሮስቴቱ ናሙና ለመውሰድ) ይዳርጋል።

ማርታ፦ የኔ ወንድም አጥንቱ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው የታወቀለት። እስቲ ለሱ ይቅር በለው።

መልስ፦ ማርታ አይዞሽ። ኪሩቤል የምትለው ድሮ እውነት ነበረው፣ አሁን ግን ብዙ ቦታ ኤምአርአይ ይቀድማል፣ የሚያጠራጥር ካልታየ ባዮፕሲው ሊቀር ይችላል፣ ቀስ ብሎ የሚያድግ ካንሰር ቢገኝም ቶሎ ቢላዋ አይነሳም። ብሪታንያ ውስጥ ከፕሮስቴት ያልወጣ ካንሰር የተገኘባቸው 1,643 ወንዶች በቀዶ ጥገና፣ በጨረርና በክትትል ተከፍለው 15 ዓመት ታይተው በሦስቱም በኩል በበሽታው የሞቱት 3 በመቶ ገደማ ናቸው፣ 2023 ላይ ነው የወጣው። ክትትል ማለት ግን መተው አይደለም።

ናቲ፦ 5.2 ካንሰር ነው?

መልስ፦ ላይ ተመልሷል። አንብብ።

ሄለን፦ ምን ቢበላ ይወርዳል?

መልስ፦ የኔ ሙያ አይደለም።

ዓለሙ፦ አገኘኋቸው። አምና 1.4፣ ከ6 ወር በፊት 2.0፣ አሁን 3.1። መድኃኒቱን አንድም ቀን አላቋረጥኩም።

መልስ፦ ሦስቱም አንድ ላብራቶሪ ነው?

ዓለሙ፦ አዎ።

መልስ፦ እንግዲያው ሦስቱንም ወረቀትና የመድኃኒቱን ካርቶን ይያዙና በዚህ ሳምንት ዩሮሎጂስት (የሽንትና የፕሮስቴት ሐኪም) ጋ ይሂዱ። የመጨረሻውን ብቻ እንዳያሳዩ፣ ሦስቱንም።