መዝገቡን የጻፈው ማን ነው? ስለ ተከሰሱ ሴቶች ለመጻፍ ለምታስቡ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ሰሞኑን ከአዲስ አበባም፣ ከዱባይም፣ ከዋሽንግተንም አንድ ዓይነት ጥያቄ እየደረሰኝ ነው። «የወንጀል ታሪክ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ በተለይ ስለ ሴቶች። ከየት ልጀምር?» የሚል ነው። አንዳንዶቻችሁ ዩቲዩብ ላይ ትተርካላችሁ። አንዳንዶቻችሁ መጽሐፍ ጀምራችኋል። ለየብቻ ከምመልስላችሁ ሁሉንም እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው።

ለማታውቁኝ፣ የምኖረው ለንደን ነው። እንጀራዬ አስተርጓሚነት ነበር፤ ፍርድ ቤት፣ ጠበቃ ቢሮ፣ አንዳንዴም ፖሊስ ጣቢያ። በትርፍ ጊዜዬ ደግሞ የድሮ የፍርድ ቤት መዝገቦች ውስጥ ገብቼ ስለ ተከሰሱ ሴቶች ጽፌያለሁ። መዝገብ ማንበብ ያስተማረኝ አስተርጓሚነቱ ነው። አንዲት ሴት ቃሏን ስትሰጥ ታለቅሳለች። ስለ ልጇ ታነሳለች። የጀመረችውን ትታ ወደ አሠሪዋ ትሄዳለች፤ ከዚያ እንደገና ትመለሳለች። በኋላ በጽሑፍ የሚወጣው ቃል ግን አጭርና የተስተካከለ ነው። ውሸት የለበትም። እሷም ግን የለችበትም።

ስለዚህ የምመክራችሁ ዋናው ነገር ይኼ ነው። ምን እንዳደረገች ከመጠየቃችሁ በፊት፣ ያደረገችውን የጻፈው ማን እንደሆነ ጠይቁ። ለማን ብሎ ጻፈ? ምን ዘለለ? ይህን ሳትጠይቁ የምትጽፉት ነገር ሁሉ የከሳሽ ወይም የጋዜጣ ሻጭ ድምፅ ይሆንባችኋል።

በሁለት ሴቶች ታሪክ ላሳያችሁ። (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

የመጀመሪያዋ ሲሊያ ትባላለች። አሜሪካ ውስጥ በሚዙሪ ግዛት፣ ካላዌይ በሚባል አካባቢ በባርነት የኖረች ልጅ ናት። በ1850 ሮበርት ኒውሰም የሚባል ባለ እርሻ ገዛት። ያኔ ዕድሜዋ 14 ዓመት ገደማ ነበር። ገዝቶ ወደ ቤቱ ሲወስዳት እዚያው መንገድ ላይ ደፈራት። ከዚያም ለ5 ዓመት ያህል አልተዋትም። በጁን 1855 ነፍሰ ጡርና በሽተኛ ነበረች። እንዳይመጣባት ተማጸነች፤ መጣ። በዱላ መታችው፤ ሞተ። ሬሳውን ጎጆዋ ውስጥ ባለው ምድጃ አቃጠለችው።

አሁን መዝገቡን ተመልከቱ። በሚዙሪ ሕግ በባርነት ያለ ሰው በነጭ ላይ መመስከር አይችልም ነበር። ስለዚህ ሲሊያ በራሷ ችሎት ቆማ አልተናገረችም። ቃሏ ተብሎ የተመዘገበው በሙሉ የመረመሯት ነጭ ወንዶች ‹እንዲህ አለችን› ያሉት ነው። ያስፈራሯት እነሱ፣ የጠየቋት እነሱ፣ የመሰከሩባትም እነሱ።

ተከላካይ ጠበቃዋ ጆን ጀምሰን አንድ ትልቅ ክርክር አነሳ። የ1845ቱ የሚዙሪ ሕግ ‹ማንኛዋንም ሴት› በኃይል መድፈርን ወንጀል ያደርጋል። ሲሊያም ሴት ናት፤ ስለዚህ ራሷን የመከላከል መብት አላት አለ። ዳኛው ዊልያም ሆል ይህን ለጁሪው (ከሕዝብ ተመርጠው ጥፋተኛ ናት ወይም አይደለችም ብለው ለሚወስኑት ሰዎች) ለመንገር ፈቃደኛ አልሆነም። በጁሪው ውስጥ የነበሩት ሁሉ ነጭ ወንዶች ናቸው። ጥፋተኛ ተባለች። ያረገዘችው ልጅ እስር ቤት ውስጥ ሞቶ ተወለደ። ዲሴምበር 21 ቀን 1855 ተሰቀለች።

የእናቷን ስም መዝገቡ አይነግረንም። ልጅነቷንም አይነግረንም። እዚህ ላይ ነው ወጣት ጸሐፊ የሚፈተነው። ያንን ሌሊት በእሷ አንደበት መጻፍ ያምራችኋል፤ ምን እንዳሰበች፣ ምን ብላ እንደጸለየች። እባካችሁ አታድርጉት። ዕድሜ ልኳን ሌሎች ሲናገሩላት ኖራለች። እናንተም ስለወደዳችኋት ብቻ አፏን አትውሰዱባት። ልቦለድ ከሆነ ልቦለድ ነው በሉ፤ ታሪክ ከሆነ እስከምታውቁበት ድረስ ብቻ ሂዱ።

ታዲያ ምን እንጻፍ ትሉኛላችሁ። ብዙ ነገር አለ። ለምሳሌ መርማሪዎቹ ደጋግመው ‹የረዳሽ ማን ነው?› ብለዋታል። እሷ ማንም አልረዳኝም አለች። ይህ ጥያቄ ስለ ጠያቂዎቹ ብዙ ይናገራል። ሰፈሩ ምን ፈርቶ እንደነበር ከጥያቄው ይነበባል። ስለ መልሱ ብቻ አትጨነቁ፤ ጥያቄውንም እንደ ማስረጃ ያዙት።

ሁለተኛዋ ሴት የዚህ ተቃራኒ ናት። ኢዲት ቶምሰን ትባላለች፤ የለንደን ልጅ። የሴቶች ኮፍያ በሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ በኃላፊነት ትሠራ ነበር። ደመወዟ ከባሏ የሚያንስ አልነበረም። ፍሬድሪክ ባይዋተርስ የሚባል በመርከብ ላይ የሚሠራ ወጣት ወደደች። እሱ ባሕር ላይ ሲሆን ደብዳቤ ትጽፍለታለች። ስለ ሥራዋ፣ ስላነበበችው ልቦለድ፣ ስለ ናፍቆቷ ትጽፋለች። በአንዳንዶቹ ደግሞ ለባሏ ምግብ ውስጥ የተፈጨ ብርጭቆ ጨመርኩለት ትላለች። ስለ መርዝ የሚያወሩ የጋዜጣ ቁራጮችም ትልክለታለች።

በኦክቶበር 1922 ባልና ሚስት ከቲያትር ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ባይዋተርስ መንገድ ላይ ጠብቆ ባሏን በጩቤ ወጋው፤ ሞተ። ፖሊስ ደብዳቤዎቹን አገኘ። የአስከሬን ምርመራው በባልየው አካል ውስጥ መርዝም ብርጭቆም አላገኘም። ባይዋተርስም እሷ አታውቅም ብሎ እስከ መጨረሻው ተናገረ። ሁሉም ደብዳቤዎች ለጁሪው አልቀረቡም፤ የቀረቡት የተመረጡ ናቸው። ዳኛው በትዳሯ ላይ መወስለቷን እንደሚጸየፉት አልደበቁም። ጃንዋሪ 9 ቀን 1923 በተመሳሳይ ሰዓት፣ በሁለት የተለያዩ እስር ቤቶች ሁለቱም ተሰቀሉ። እሷ 29፣ እሱ 20 ዓመታቸው ነበር።

ሲሊያ የራሷ ቃል ስለሌላት ተደፈጠጠች። ኢዲት ቃሏ በዝቶ አንገቷ ላይ ገመድ ሆነ። በሁለቱም መዝገቡን ያዘጋጀው ሌላ ሰው ነው። ለፍቅረኛ በምስጢር የተጻፈ ደብዳቤ ችሎት ፊት ሲነበብ ትርጉሙ ይለወጣል። እኔ በበኩሌ ከማስረጃው ተነስቼ ኢዲት መሰቀል አልነበረባትም ብዬ አምናለሁ። ይህን ስጽፍ ግን ባሏን ፐርሲ ቶምሰንን አልረሳም። 32 ዓመቱ ነበር። ከሚስቱ ጋር እየሄደ መንገድ ላይ ተገደለ። ለተከሳሿ በማዘን ሟቹን ማጥፋት ትልቅ በደል ነው። በምትጽፉት ሁሉ ውስጥ ሟች ስም፣ ዕድሜና ሥራ ይኑረው። ቤተሰብም እንደነበረው አንባቢ ይወቅ።

አንድ ነገር ደግሞ በአጭሩ። ጣሊያናዊው ሐኪም ቼዛሬ ሎምብሮሶ በ1893 የወንጀለኛ ሴቶችን ራስ ቅልና ፊት ለክቶ፣ ወንጀለኛ ሆነው የሚወለዱ ሴቶች ቁጥራቸው ቢያንስም ከወንዱ ይበልጥ ጨካኞች ናቸው የሚል ንድፈ ሐሳብ አወጣ። ሳይንሱ ከወደቀ ቆይቷል፤ አባባሉ ግን አልሞተም። ‹ጨካኟ እናት›፣ ‹መልአክ መሳይዋ ገዳይ› የሚል ርዕስ ባየሁ ቁጥር እሱን ነው የማስታውሰው። እንዲህ ዓይነት ርዕስ ብዙ ተመልካች ያመጣል፤ አውቃለሁ። አትጻፉት።

ከሁሉም በላይ ልቤን የያዙት የቤት ሠራተኞች መዝገቦች ናቸው። በእንግሊዝ በ1624 የወጣ አንድ ሕግ ነበር። ያላገባች ሴት በድብቅ ወልዳ የሕፃኑን ሞት ከደበቀች፣ ሞቶ መወለዱን በምስክር ካላረጋገጠች እንደ ነፍሰ ገዳይ ትቆጠራለች። እስከ 1803 ድረስ ሠርቷል። የተከሰሱት በአብዛኛው ከገጠር መጥተው ሰው ቤት የሚያገለግሉ ልጃገረዶች ነበሩ። እርግዝናዋ ከታወቀ ከሥራ ትባረራለች፤ ስለዚህ ትደብቃለች። መደበቋ ራሱ ደግሞ በሕጉ ማስረጃ ይሆንባታል። ብዙዎቹን ያዳናቸው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ጨርቅ። ለሚወለደው ልጅ ትንሽ ልብስ ወይም መጠቅለያ አዘጋጅታ ከነበረ፣ ልትገድለው አላሰበችም ማለት ነው ተብሎ በነፃ ትለቀቅ ነበር። ዳኞች ፊት ቁራጭ ጨርቅ ይቀርባል፤ የልጅቷ ነፍስ በዚያ ይወሰናል።

ይህን ሳነብ ከሀገራችን ገጠር ወጥተው አዲስ አበባና ዓረብ ሀገር ሰው ቤት የሚያገለግሉ እህቶቻችን ይታወሱኛል። የኛ የወንጀል ሕግ እናት በወሊድ ላይ ወይም በወሊዱ ጫና ውስጥ ሆና የራሷን ጨቅላ ስትገድል ከሌላው ግድያ ለይቶ ነው የሚያየው። የሕግ ተማሪዎች ካላችሁ ይህን ከ1624ቱ ጋር አስተያይታችሁ ጻፉ። ማንም በደንብ የሠራበት አይመስለኝም፤ እኔም አንባቢያችሁ እሆናለሁ።

ወደ ሀገራችን ከመጣን አይቀር፣ በ1996 በአርሲ ገጠር የሆነውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፤ ተደፈረች። ለማምለጥ ስትሮጥ ጠላፊዋን በራሱ ጠመንጃ ተኩሳ ገደለችው። ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ያኔ በኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ሆነው ጉዳዩን ያዙት። ልጅቷ ራሷን በመከላከል ነው ተብሎ በነፃ ተለቀቀች። በ1957 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችን ያኔ ገና እየሠራ ነበር። በዚያ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ያመልጥ ነበር። ያ አንቀጽ የተሻረው ከሜይ 2005 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው አዲስ ሕግ ነው።

የኋላው ታሪክ ግን ለእናንተ ይበልጥ ያስፈልጋችኋል። ታሪኩ ፊልም ሆነ። በ2014 አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ አዳራሹ ሞልቶ ሳለ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ቆመ። ባለታሪኳ ያለ ፈቃዴ ሕይወቴን ተረካችሁ ብላ አቤት ብላ ነበር። ፊልሙ በኋላ ታይቷል። እኔ ግን ያንን ቀን ለወጣት ጸሐፊዎች ሁሉ አነሳለሁ። ዓለም ሁሉ ‹ጀግና› እያለ ያወደሳት ሴት እንኳ ‹መጀመሪያ እኔን ጠይቁኝ› አለች። ትክክል ናት። ስሟ በአደባባይ ይታወቃል፤ እዚህ ያልጠራሁት እኔም ስላልጠየቅኋት ነው።

ስለዚህ ባለታሪኳ በሕይወት ካለች ጠይቋት። እምቢ ካለች ተዉት። ስሟን ቀይራችሁ፣ ሰፈሯን ለውጣችሁ ለማለፍ አትሞክሩ፤ ጎረቤቶቿ ያውቋታል። ሞታም ከሆነ ልጆቿን አስቡ። ሌላ ታሪክ አይጠፋም።

ሥራው ያበላል ወይ ለምትሉኝ፣ ብቻውን አያበላም። ሌላ ሥራ ያዙ። ለሆዱ የሚጽፍ ሰው ደም የበዛበትን ታሪክ መምረጡ አይቀርም። ልብንም ያደክማል። የሕፃናት ሞት ያለበትን መዝገብ ከመኝታ በፊት አታንብቡ። ያነበባችሁትን የምትነግሩት አንድ ሰው ይኑራችሁ።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ፤ ከየት እንጀምር? እንግሊዝኛ የምታነቡ ከሆነ የለንደኑ የኦልድ ቤይሊ ፍርድ ቤት መዝገብ አለላችሁ። ከ1674 እስከ 1913 ድረስ የታተመው ሁሉ በኢንተርኔት በነፃ ይገኛል። ስታነቡት ለገበያ የታተመ መሆኑን አስታውሱ። ያጥራል፣ ይዘልላል። በተለይ በኋለኞቹ ዘመናት የመደፈር ክስ ሲሆን ዝርዝሩን ለኅትመት አይበቃም ብለው ያስቀሩታል። ሴቲቱ ተናግራለች፤ ወረቀቱ ላይ ግን የለም።

ግድያ አትምረጡ። ስርቆት ምረጡ። አብዛኞቹ ሴቶች እዚያ ናቸው። ከ1788 ጀምሮ በመርከብ ወደ አውስትራሊያ ከተጋዙት 25,000 ያህል ሴቶች የሚበዙት በስርቆት የተፈረደባቸው ናቸው። የተሰረቀው ነገር ዋጋ ስንት እንደተባለ እዩ። ሰው ቤት ውስጥ 40 ሺሊንግ የሚያወጣ ዕቃ መስረቅ በሞት ያስቀጣ በነበረበት ዘመን፣ ጁሪው እያወቀ ‹39 ሺሊንግ ነው› የሚልበት ብዙ መዝገብ ታገኛላችሁ። እነዚያ ወንዶች ለማን አዘኑ? ለማን አላዘኑም? ሃያ ሰላሳ መዝገብ አንብባችሁ ይህን ለመመለስ ሞክሩ። የመጀመሪያ ጽሑፋችሁ እሱ ይሁን፤ ለእኔም ላኩልኝ።

አክባሪያችሁ