ራሴ የሠራሁት ከርነል እየደጋገመ ይወድቅብኛል

ጥያቄ፦ ሰላም፣ ጤና ይስጥልኝ። 4 ጊጋባይት ራም ያለው አሮጌ ላፕቶፕ አለኝ፣ ዴቢያን 12 የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ነው የጫንኩበት። ፈጠን እንዲልልኝ ብዬ የሊኑክስ 6.1ን ኮድ አውርጄ፣ የማልፈልገውን እያጠፋሁ የራሴን ከርነል (የሲስተሙን እምብርት) ኮምፓይል አደረግኩ፣ ማለትም ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም ቀየርኩት። የመጀመሪያው ደህና ሠራ። ሌላም ሌላም እያጠፋሁ ስቀጥል ግን ነገር ተበላሸ። ጥሩ አድርጎ ይነሳል፤ ከዚያ አንዳንዴ 10 ደቂቃ፣ አንዳንዴ አንድ ሰዓት ሠርቶ ስክሪኑ ድርቅ ይላል፣ የካፕስ ሎክ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ምንም ጽሑፍ አይታይም። ሞጁሎቹን (ከርነሉ ሲፈልግ የሚጠራቸውን እንደ ዋይፋይ ድራይቨር ያሉ ቁርጥራጮች) እንደገና መጫን ጊዜ ስለሚፈጅ በየጊዜው የምቀይረው ከርነሉን ብቻ ነው። ሞጁሉ ከከርነሉ ጋር መግጠሙን የሚፈትሸውን፣ ሞድቨርዥንስ የሚባለውን ምርጫም አጥፍቼዋለሁ። ራሙ ይሆን እንዴ? እባክህ መላ በለኝ።

መልስ፦ ራሙም ሊሆን ይችላል፣ እመለስበታለሁ። እኔን ያስደነገጠኝ ግን እንደ ቀላል ነገር ጣል ያደረግካት ነገር ናት፦ «የምቀይረው ከርነሉን ብቻ ነው»። ጉዱ እዚያ ይመስለኛል።

ከርነሉና ሞጁሎቹ ሜሞሪ ላይ ያለ መረጃ ይጋራሉ። እያንዳንዱ መረጃ ከመነሻው ስንት ባይት ርቆ እንደሚቀመጥ የሚወሰነው ኮምፓይል ሲደረጉ ነው። አንድ ምርጫ ስታጠፋ ከመካከል የሆነ ነገር ሊወጣ ይችላል፣ ከሱ በኋላ ያለው ሁሉ ቦታውን ይለቃል። አዲሱ ከርነል ይህን ያውቃል፤ ካለፈው ጊዜ የቀረው የዋይፋይ ሞጁልህ ግን አያውቅም። አንድ ግድግዳ በፈረሰበት ቤት ውስጥ ሌሊት መብራት ሳያበራ በድሮ ልማዱ እንደሚሄድ ሰው ነው። ሄዶ ሄዶ የሌላው መረጃ ላይ ይጽፋል። ያ የተበላሸ ቦታ እስኪነካ ድረስ ደግሞ ማንም አያውቅም፣ ለዚህ ነው የሚወድቅበት ሰዓት አንድ ዓይነት የማይሆነው።

ከርነሉ ለምን አይከለክለውም ካልክ፣ የስሪቱ ስም አንድ ስለሆነ ነው። ልዩነቱን ሊይዝልህ ይችል የነበረው ሞድቨርዥንስ ነበር፣ እሱን አጠፋኸው። አሁኑኑ መልሰው። ከዚያ ሎካልቨርዥን በሚለው ምርጫ ለእያንዳንዱ ሙከራ የተለየ ስም ስጥ፣ ሙከራ1፣ ሙከራ2 እያልክ። ሞጁሎቹ በየራሳቸው ፎልደር ይቀመጣሉ፣ አሮጌው ከአዲሱ አይቀላቀልም። ሁልጊዜ መጀመሪያ «ሜክ ሞጁልስ ኢንስቶል»፣ ቀጥሎ «ሜክ ኢንስቶል»። ከከርነሉ ኮድ ውጪ ለብቻው አውርደህ የጫንከው ድራይቨር ካለም ለአዲሱ እንደገና ይሠራለት። የዴቢያንን ከርነል ግን አትንካው፣ መመለሻህ እሱ ነው።

የካፕስ ሎኩ መብራት ደግሞ ምልክት ነው። ከርነል ፓኒክ ማለት ነው፣ ከርነሉ ሊያልፈው የማይችል ስህተት ገጥሞት ቆሟል። ጽሑፉ የማይታይህ በግራፊክ ስክሪን ላይ ስለሆንክ ነው። ላፕቶፕህ ዩኢኤፍአይ (ባዮስን የተካው ማስነሻ) ካለው፣ ፒስቶር የሚባለው የከርነሉ መሣሪያ የመጨረሻውን መልእክት ሊያስቀምጥልህ ይችላል፣ ስትነሳ ቫር፣ ሊብ፣ ሲስተምዲ፣ ፒስቶር የሚለው ፎልደር ውስጥ እይ። ካልሆነ ኔትኮንሶልን ተጠቀም፤ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር በኬብል ካገናኘኸው መልእክቱን እየላከ ነው የሚወድቀው። በዋይፋይ ግን አትድከም። ስታነብ የመጀመሪያውን ኡፕስ (የከርነሉን የስህተት መልእክት) ብቻ አጥብቀህ አንብብ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ከሱ በኋላ የሚመጡት የመጀመሪያው ያስከተላቸው ጩኸቶች ናቸው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ከወደቀ ካጠፋሃቸው ምርጫዎች ግማሹን መልስና ሞክር፣ ከዚያ የግማሹን ግማሽ። 64 ለውጥ ቢኖርህ 6 ሙከራ ይበቃሃል። አንድ በአንድ ከሄድክ ግን ሳምንት ይፈጅብሃል።

አሁን ወደ ራሙ። በዴቢያን ከርነል ቀኑን ሙሉ ሥራ። በሱም ከወደቀ ያንተ ከርነል ጥፋት የለበትም፤ ሜምቴስት86ፕላስ የሚባለውን የራም መፈተሻ ሌሊቱን ሙሉ አስኪደው። አንድ ስህተት ብቻ ቢያሳይህ እንኳ ራሙን ቀይር።

ፍጥነቱን በተመለከተ እውነቱን ልንገርህ። ያልተጫነ ሞጁል ራም አይበላም፣ ስለዚህ ያን ሁሉ ማጥፋትህ ያተረፈልህ በአብዛኛው የኮምፓይል ጊዜ ነው። ለመማር ከሆነ ቀጥልበት፣ በጣም ጥሩ ትምህርት ነው። ላፕቶፑ እንዲፈጥንልህ ከሆነ ግን ዜድራምን አብራ፣ ራሙ ላይ ያለውን እያመቀ ቦታ ያተርፍልሃል፤ እሱን ደግሞ በዴቢያኑ ከርነል ላይ ዛሬውኑ ልታደርገው ትችላለህ።