«ትስስር» ወይስ «ግንኙነት»?

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. በ1971 አራቱ ኃያላን (አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ሶቪየት ኅብረት) ስለ በርሊን የተፈራረሙትን ስምምነት የሚያወሳ ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው። ምዕራብ በርሊን ከምዕራብ ጀርመን ጋር የነበራትን «ትስስር» ብዬ ጻፍኩ፤ አርታኢዬ «ግንኙነት» ብለው አረሙት። ልዩነት አላቸው? ከተማዋንስ «ራስ ገዝ» ማለት ይቻላል?

መልስ፦ በጣም ይለያያሉ፤ እዚህ ቦታ ላይ ደግሞ መንግሥታትን ያከራከረው ይኸው ልዩነት ነው።

«ትስስር» ከ«ተሳሰረ» የመጣ ነው፤ ሥሩ «አሰረ»፤ ገመድ አለበት። «ግንኙነት» ከ«ተገናኘ»፣ እሱም ከ«አገኘ» ይወጣል፤ የሚገናኙት ደግሞ ለየብቻ የቆሙ ሁለት ወገኖች ናቸው። ስልክ ሲጠፋ «ግንኙነት ተቋረጠ» እንላለን። «ትስስር ተቋረጠ» ግን ጆሮ ይጎረብጣል፤ ትስስር ይላላል ወይም ይበጠሳል።

ስምምነቱ ሴፕቴምበር 3 ቀን 1971 ሲፈረም እኩል ሕጋዊ ዋጋ የነበራቸው የእንግሊዝኛው፣ የፈረንሳይኛውና የሩሲያኛው ቅጂዎች ነበሩ፤ ጀርመንኛው ትርጉም ብቻ ነው። እንግሊዝኛው «ታይስ» ይላል፤ ማሰሪያ ነው። የሩሲያኛው «ስቭያዚ» ግን ዝምድናንም የስልክና የፖስታ መገናኛንም በአንድ ሆድ የያዘ ቃል ነው። ስለዚህ የምዕራብ ጀርመን መዲና ቦን «ቢንዱንገን»፣ ማለትም ትስስር፣ ብላ ስትተረጉም፣ የምሥራቅ ጀርመን መዲና ምሥራቅ በርሊን «ፈርቢንዱንገን» አለች፤ ይህም መንገድና ስልክን ጨምሮ ማንኛውም ግንኙነት ነው። ያቺ አንዲት «ፈር» ምዕራብ በርሊንን ለብቻዋ የቆመች ከተማ ታደርጋታለች። የአርታኢዎ እርማትም ሳያስቡት የአንዱን ወገን አቋም ይዟል።

«ራስ ገዝ»ን አልመክርም። በእኛ ጆሮ ይህ ቃል በአንድ አገር ውስጥ ያለ ክልልን ያመለክታል፤ በ1980 ዓ.ም. ድሬዳዋና አሰብ ራስ ገዝ ሲባሉ የኢትዮጵያ አካል መሆናቸው አላጠያየቀም። ምዕራብ በርሊን እንዲያ አልነበረችም። የአሜሪካ፣ የእንግሊዝና የፈረንሳይ ወታደራዊ ገዢዎች እ.ኤ.አ. በሜይ 1949 የቦንን ሕገ መንግሥት ሲያጸድቁ፣ በርሊን በፌዴሬሽኑ እንደማትተዳደር በደብዳቤያቸው አስታወቁ። እ.ኤ.አ. በ1950 የከተማዋን ሕገ መንግሥት ሲያጸድቁም «በርሊን የፌዴራል ሪፐብሊኩ ክልል ናት» የሚለውን አንቀጽ አገዱት። ይህን ያደረጉት ለቦን ወዳጆች ሆነው ሳለ ነው፤ ጠበቅ ያለ ቃል በጨዋ ደብዳቤ። ከተማዋ ከንቲባዋንና ምክር ቤቷን ትመርጥ ነበር፤ የበላይ ሥልጣኑ ግን እስከ 1990 (እ.ኤ.አ.) በእነርሱ እጅ ቆየ። «የራሷን አስተዳደር የምትመርጥ» ቢሉ ይበቃል።

የስምምነቱን ዐረፍተ ነገር እንዲህ ብተረጉመው እመርጣለሁ፦ «በበርሊን ምዕራባዊ ቀጠናዎችና በጀርመን ፌዴራል ሪፐብሊክ መካከል ያለው ትስስር ይጠበቃል፣ ይጎለብታልም፤ ቀጠናዎቹ ግን እንደ ቀድሞው የሪፐብሊኩ አካል አይደሉም፣ በእርሱም አይተዳደሩም።» የሚተረጉሙት የምሥራቅ ጀርመን ጽሑፍ ከሆነ ግን «ግንኙነት»ን እንዳለ ይተዉት፤ ጸሐፊው አስቦበት የመረጠው ቃል ነውና።