መልስ፦ የ2020ው (እ.ኤ.አ.) ኤንዲቪአይ (ከሳተላይት ምስል የሚሰላው የዕፅዋት አረንጓዴነት መለኪያ) ለምን ኔጌቲቭ ወጣብኝ?

ዳታው ምንም አልሆነም፣ የባንድ ቁጥሩ ነው (ባንድ ማለት ሳተላይቱ ለየብቻ የሚመዘግበው የብርሃን አይነት ነው)። ለ1990ው የላንድሳት 5 ሳተላይት ምስል የሰራህበትን ፎርሙላ ሳትነካው ለ2020ው ላንድሳት 8 ደግመኸዋል፣ ለዛ ነው የደቡብ ጎንደር የቤተክርስቲያን ደኖች ሳይቀሩ ከዜሮ በታች የወረዱብህ።

ላንድሳት 5 ላይ ቀዩ ባንድ 3 ነው፣ ኒር ኢንፍራሬዱ (በዓይን የማይታየው፣ ቅጠል በብዛት የሚያንፀባርቀው ብርሃን) 4። ላንድሳት 8 ላይ ከፊት አንድ አዲስ ባንድ ስለገባ ቀዩ 4፣ ኒር ኢንፍራሬዱ 5 ሆነ። አንተ ሳታውቀው ከቀይ ላይ አረንጓዴ ነው የቀነስከው፣ ቅጠል ደግሞ ከቀዩ ይልቅ አረንጓዴውን ስለሚያንፀባርቅ ኔጌቲቭ መውጣቱ አይገርምም። ባንድ 5 ሲቀነስ ባንድ 4፣ ከዛ ለሁለቱ ድምር አካፍለው። ደኑ ላይ ከፍ፣ የታረሰው መሬት ላይ ዝቅ ካለ ጨርሰሃል።

ግን የምስሎቹን ወር እይ። እኔ ማስተርሴን ስሰራ አንዱን የጥር ሌላውን ሰብሉ ገና አረንጓዴ ሳለ የጥቅምት ወስጄ ደኑ በ30 አመት ጨመረ ብዬ ቀረብኩ፣ ኤግዛሚነሩ "የገበሬውን ጤፍ ነው ደን ያልከው?" አለኝ፣ አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። ሁለቱንም ከጥር አድርጋቸው፣ ጥር ላይ ደመናም ያንሳል።

ባህር ዛፉን ደግሞ ከሀገር በቀሉ ደን ኤንዲቪአይ ብቻውን አይለይልህም፣ ጂፒኤስ ይዘህ ቦታው ድረስ መሄድ ነው። ፒኤችዲ ስታመለክት ይሄን ቻፕተር ልልክ ነው ስላልክ ነው የምነግርህ፣ መጀመሪያ የሚጠይቁህ መሬት ላይ አረጋግጠሃል ወይ ነው። ትንንሾቹ ደኖች ላይም አትመን፣ በ30 ሜትር ፒክስል 1 ሄክታር ማለት 11 ፒክስል አካባቢ ናት፣ አብዛኛው ጠርዝ ነው።