የእንሽላሊት እንቁላል ይዞ ቤት መቀየር

ጥያቄ፦ ልጄ የሚያሳድጋት ሊዮፓርድ ጌኮ የተባለችው እንሽላሊት ከሦስት ሳምንት በፊት ሁለት እንቁላል ጣለች፤ አሁን ማስፈልፈያ ውስጥ ናቸው። በሐምሌ መጨረሻ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ወደ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ በመኪና እንዛወራለን። ባለቤቴ «የዶሮም እንቁላል ይገላበጣል፤ ምንም አይሆንም» ይላል። እኔ ደግሞ ብርዱን ፈርቻለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ስለ ዶሮ ከሆነ ባለቤትዎ ልክ ናቸው፤ የታቀፈች ዶሮ እንቁላሏን ራሷ በየቀኑ ታገላብጣለች። የእንሽላሊት እንቁላል ግን አስኳሉን መሃል ላይ የሚይዝ ጅማት የለውም፤ ከተጣለ ከአንድ ቀን ገደማ በኋላ ፅንሱ ከቅርፊቱ ውስጠኛ ገጽ ጋር ስለሚያያዝ፣ ከዚያ ወዲያ ከተገለበጠ ሽፋኑ ሊቀደድ ወይም ፅንሱ በአስኳሉ ሊታፈን ይችላል። ስለዚህ አስቀድመው የእያንዳንዱን እንቁላል አናት በለስላሳ እርሳስ፣ ሳይጫኑ፣ ምልክት ያድርጉበት። ቅርፊቱ ተለማጭ ነውና በእጅ አንስቶ ወደ ሌላ ዕቃ ማዛወር አያስፈልግም፤ እርጥብ ቨርሚኩላይት (እርጥበት የሚይዝ ቀላል የማዕድን ፍርፋሪ) ውስጥ በከፊል እንደተቀበሩ፣ ከነሣጥናቸው ኩለር (የውጭ ሙቀትና ቅዝቃዜ ቶሎ የማያስገባ ሣጥን) ውስጥ ያስቀምጧቸውና ዙሪያውን በፎጣ ይደግፉት። ኩለሩን ከፊት ወንበር ጀርባ ወለሉ ላይ ያኑሩት፤ የኋላው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ግን ፈጽሞ አያስገቡት።

ብርዱን በተመለከተ ሥጋትዎ፣ በእኔ አስተያየት፣ ቦታውን ስቷል። በ28 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ የቆየ እንቁላል ለሰባት ሰዓት ያህል ወደ 23 ወይም 24 ዲግሪ ቢወርድ እድገቱ ይዘገያል እንጂ አይሞትም፤ ከ35 ዲግሪ በላይ ሙቀት ግን ሊገድለው ይችላል። በበጋ ፀሐይ የቆመ የተዘጋ መኪና በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ45 ዲግሪ ሊያልፍ ስለሚችል፣ ለምሳ ስትቆሙ አንዳችሁ የመኪናውን ማቀዝቀዣ ሳታጠፉ ከእንቁላሎቹ ጋር ቆዩ። የሞቀ ውሃ ጠርሙስ አይጨምሩ፤ ይልቁንም ባለ ሽቦ ቴርሞሜትር ገዝተው ጫፉን ከእንቁላሎቹ አጠገብ፣ ቁጥሩን የሚያሳየውን ክፍል ከኩለሩ ውጭ ያድርጉ።

ኮሎምበስ ስትደርሱ ከዕቃው ሁሉ በፊት ማስፈልፈያውን በቀድሞው ዲግሪ ያስነሡ። (ጫጩቶቹ ወንድ ወይም ሴት መሆናቸውን የሚወስነውም ይኸው ሙቀት ስለሆነ ቁጥሩን በግምት አይለውጡት።) ሙቀቱ እስኪረጋ እንቁላሎቹ ኩለሩ ውስጥ ይቆዩ። በማግስቱ ቅርፊቱ ትንሽ ጎድጎድ ብሎ ካገኙት ደርቆ ሊሆን ይችላልና፣ ጥቂት ለብ ያለ ውሃ በሣጥኑ ጠርዝ በኩል ቨርሚኩላይቱ ላይ ያንጠባጥቡ፤ እንቁላሉን ግን ውሃ አያስነኩት።