በ30 ሺህ ብር ላፕቶፕ አካውንቲንግ ይጠናል?

የጻፈችልኝ የሁለተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ናት። እናቷ እቁብ ደርሷቸው ለላፕቶፕ 30 ሺህ ብር ሰጥተዋታል። ሱቅ ስትገባ ሻጩ በዚሁ ዋጋ ፕሮሰሰሩ (የኮምፒውተሩ አንጎል) "ኮር አይ 7" የሆነ ያገለገለ ላፕቶፕ አሳያት። ጓደኛዋ ደግሞ "ያገለገለ እንዳትገዢ፣ ከአጎትሽ ተበድረሽ አዲስ ውሰጂ" አለቻት። እሷን ያስጨነቃት ግን ሌላ ነው። "ርካሽ ላፕቶፕ ይዤ ብማር ሥራ ስፈልግ ወደኋላ ያስቀረኝ ይሆን?" ትላለች።

ከዚሁ ልጀምር እህቴ። ቀጣሪ ላፕቶፕሽን አያይም። ብዙ ቃለ መጠይቅ ላይ ተቀምጫለሁ፤ "ምን ዓይነት ማሽን አለሽ?" የተባለ አመልካች አላጋጠመኝም። "እስቲ ይህንን ፔሮል (የደመወዝ ስሌት) በኤክሴል ሥሪልን" ተብላ ላብ ያጠመቃት ልጅ ግን አይቻለሁ። ውጤቷ በጣም ጥሩ ነበር። ኤክሴልን የምታውቀው ግን ከሃንድአውት ላይ ነው።

ስለዚህ አትበደሪ። አርክቴክቸር ብትማሪ ሌላ ነገር እልሽ ነበር፤ ሬቪት የሚባለው የሕንፃ ዲዛይን ፕሮግራም ብቻውን 16 ጊጋ ራም (ማሽኑ ሥራ ላይ ሳለ የሚጠቀምበት ሜሞሪ) ይፈልጋል። የአንቺ ሥራ ኤክሴል፣ ፒችትሪ (የሒሳብ መዝገብ ፕሮግራም)፣ የፒዲኤፍ ሞጁልና ቴሌግራም ላይ የሚላክ አሳይመንት ነው። ለዚህ ደህና ያገለገለ ማሽን ይበቃል።

አሁን ወደ "አይ 7"ቱ እንምጣ፣ እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሸወደው። ከ"አይ 7" ቀጥሎ የተጻፈውን ቁጥር ተመልከቺ። 4600 ዩ የሚል ከሆነ የመጀመሪያዋ 4 አራተኛ ጄነሬሽን (ትውልድ) ማለት ናት። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፤ ያለውም ሁለት ኮር (ሥራውን የሚሠራ የፕሮሰሰሩ ክፍል) ብቻ። አይ 5 ሆኖ 8250 ዩ የሚል ግን ስምንተኛ ጄነሬሽን ነው፤ አራት ኮር አለው። ስሙ ያነሰ ይመስላል፣ ሥራው ግን ይበልጣል። በዚያ ላይ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው ከኢንቴል ስምንተኛ ጄነሬሽን ጀምሮ ያለውን ነው። አራተኛው ላይ በግድ የሚጭኑልሽ ይኖራሉ፤ እኔ ግን የእናቴን እቁብ እዚያ ላይ አላወጣም።

ሱቅ ስትሄጂ ሌኖቮ ቲ 480፣ ዴል ላቲቲዩድ 7490 ወይም ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ 5 አለ ወይ ብለሽ ጠይቂ። ለመሥሪያ ቤት ተብለው የተሠሩ ናቸው፣ ጠንካሮች ናቸው። ራማቸውም ስለሚጨመር ዛሬ በ8 ጊጋ ጀምረሽ ገንዘብ ስታገኚ ማሳደግ ትችያለሽ። ፋይል የሚቀመጥበት ዲስክ የግድ ኤስኤስዲ (አዲሱና ፈጣኑ ዓይነት) ይሁን። 256 ጊጋ ኤስኤስዲ ከ1 ቴራ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ይሻልሻል፤ አሮጌው እስኪከፍት ቡና ተቆልቶ ይፈላል።

ገንዘቡን ሳትከፍዪ ቻርጀሩን ንቀዪና ግማሽ ሰዓት ቪዲዮ አጫውቺበት። ባትሪው በዚህ ጊዜ ከግማሽ በታች ከወረደ ዋጋ አስቀንሺ ወይ ተዪው። ዶርም ውስጥ አንድ ሶኬት ለስንት ሰው እንደሆነ አንቺው ታውቂዋለሽ። አጥፍተሽም አስነሺውና ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ) ውስጥ ግቢ። ፓስወርድ ከጠየቀሽ አትግዢው፤ ከድርጅት የወጡ ማሽኖች አንዳንዴ እንደተቆለፉ ይሸጣሉ፣ ማስከፈቱም ጣጣ ነው። ኪቦርዱን አንድ በአንድ ተጫኚ። ደረሰኝና የዋስትና ቀን በጽሑፍ ተቀበዪ።

ፍላሽ ላይ ጥንቃቄ አድርጊ። ከፎቶ ኮፒ ቤት የመጣ ፍላሽ ሁሉ ቫይረስ ይዞ ነው የሚመጣ ብለሽ አስቢ። ሥራሽን ጎግል ድራይቭ ላይ ወይም ቴሌግራም ሴቭድ ሜሴጅ ውስጥ አስቀምጪ።

ማሽኑ ከተገኘ በኋላ ያለው ነው ዋናው። በዚህ ሴሚስተር አንድ ፋይል ብቻ ሥሪ። የሃያ ሠራተኛ ፔሮል ይሁን፤ ስሞቹን ከራስሽ ፍጠሪ። የጡረታ መዋጮ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከግል ድርጅት አሠሪ 11 በመቶ ነው። ግብሩን ደግሞ በ2017 ዓ.ም በተሻሻለው አዋጅ አስቢው፦ እስከ 2 ሺህ ብር ነፃ፣ ከ14 ሺህ ብር በላይ ያለው 35 በመቶ። ዩቲዩብ ላይ ከግብር ነፃ የሆነውን በድሮው 600 ብር ይዘው የሚያስተምሩ ቪዲዮዎች ስላሉ እንዳያሳስቱሽ። ቁጥሩን በእጅሽ አታስገቢ፣ ቀመሩ ራሱ ያስላው። አንድ ደመወዝ ስትቀይሪ የተጣራው ክፍያ አብሮ ካልተቀየረ ገና አልጨረስሽም። ያንኑ ወር ፒችትሪ ላይ መዝግቢውና ሁለቱ መታረቃቸውን እዪ። እንዲህ ያሉ አራት አምስት ፋይሎች ይዘሽ ከተመረቅሽ "ልምድ አለሽ?" ሲሉሽ የምታሳዪው አለሽ።

አጎትሽን ገንዘብ ከመጠየቅ ይልቅ ሌላ ነገር ጠይቂያቸው። የሚያውቁት ሒሳብ ሠራተኛ ካለ ክረምት ላይ አጠገቡ ቁጭ ብለሽ እንድታዪ ያነጋግሩልሽ። ሰኔ 30 የበጀት ዓመት ስለሚዘጋ ሐምሌ ላይ ሥራ ይበዛባቸዋል፤ ደረሰኝ የሚለይላቸው እጅ አይጠሉም። ላፕቶፑን ይዘሽ ሂጂ። ግቢ ስትመለሺ ደግሞ ሲሪያል ቁጥሩን በር ላይ ማስመዝገብ እንዳትረሺ፤ ካላስመዘገብሽ መውጫ ላይ ጥበቃዎቹ ያቆሙሻል።